ሽቦ ማሽን ገዝተሃል? ቃታውን ከመሳብህ በፊት

በኤሌክትሮድ ስንበይድ የኖርን ሰዎች ሽቦ ማሽን (ሚግ የሚባለውን) የያዝን ቀን እንሰክራለን። ቃታውን ትስባለህ፣ ሽቦው ራሱ ይወጣል፣ ራሱ ይነድዳል። በየደቂቃው የሚቀየር ኤሌክትሮድ የለም፣ በመዶሻ የሚቀጠቀጥ ቅርፊት የለም። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላህ እንደ ሹሩባ የተጎነጎነ ብየዳ ታወጣና ስልክህን አውጥተህ ፎቶ ታነሳለህ። እኔም አንስቻለሁ። ፎቶው ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ የገጠምኩት የአንድ ሱቅ በር ማጠፊያ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ባለቤቱ በሩን ሊዘጋ ሲስበው ማጠፊያው ብየዳውን እንደያዘ ከቋሚው ብረት ተላቀቀ። ብየዳው አልተሰበረም። ከመጀመሪያውም አልተያያዘም ነበር። እንደ ማስቲካ ተለጥፎ ነው የከረመው።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት ይህን ያዝልኝ፤ ሽቦ ማሽን ውሸታም ነው። ኤሌክትሮድ ካልቻልክበት ወዲያው ያጋልጥሃል፤ ይጣበቅብሃል፣ ይተፋብሃል፣ አስቀያሚ ይወጣል። ሽቦ ግን ውስጡ ባዶ ሆኖ ላዩን ያሳምርልሃል። ከዚህ በታች የምጽፈው አብዛኛው ነገር ገና እሳት ሳይነሳ የሚሠራ ነው፤ ብየዳ የሚበላሸውም ሰው የሚጎዳውም እዚያ ጋ ነውና። (ብየዳ የምትማሪ እህቴም ካለሽ፣ "አንተ" እያልኩ የምቀጥለው ስለሚቀለኝ ብቻ ነው።)

የትኛውን ሽቦ?

ሁለት ዓይነት አለ። አንደኛው ድፍን ሽቦ ነው፤ ይህ ጋዝ ይፈልጋል። የቀለጠው ብረት አየር ካገኘው እንደ እንጀራ ዓይን ይበሳሳል፤ ጋዙ የሚመጣው አየሩን ከላዩ ላይ ለመግፋት ነው። ሁለተኛው ውስጡ ክፍት ሆኖ ዱቄት የተሞላ ሽቦ ነው። ዱቄቱ ሲነድድ የራሱን ጋዝ ይፈጥራል፣ ከላይም ቅርፊት ያለብሳል። ቦምቦላ፣ ማለትም የጋዝ ሲሊንደር፣ አይፈልግም። ነገር ግን ጭሱ ብዙ ነው፣ ፍንጥርጣሪውም እንደዚያው፣ ቅርፊቱንም ማንሳት አለብህ።

የደሴ ልጅ ከሆንክ ምርጫህን ግማሹን ነፋስ ይወስንልሃል። ጋዝ በጣም ስስ ነገር ነው። በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ነፋስ፣ ማለትም ፊትህ ላይ ሽው የሚል ያህል፣ ጋዙን ጠርጎት ይሄዳል። ከጦሳ ተራራ የሚወርደው የከሰዓት ነፋስ ደግሞ ሽው ብቻ አይደለም። ደጅ ላይ አጥር ወይም የበረንዳ ብረት የምትገጥም ከሆነ ዱቄታሙን ሽቦ ተጠቀም። ቤት ውስጥ፣ በሩን ገርበብ አድርገህ፣ ቀጭን አርኤችኤስ (ባለ አራት ማዕዘን የብረት ቱቦ) የምትበይድ ከሆነ ድፍኑ ከነጋዙ ይሻልሃል። እኔ ሁለቱንም እይዛለሁ። ለጀማሪ ግን 0.8 ሚሊ ድፍን ሽቦ ከጋዝ ጋር ነው የምመክረው፤ እጅህ የሚማረው እዚያ ላይ ነው።

መብራቱ

ማሽኑ ጀርባ ላይ የተለጠፈች ቆርቆሮ አለች። ማንም አያነባትም። አንብባት። ማሽኑ ሙሉ ኃይሉን ሲሠራ ከመስመሩ ስንት አምፔር እንደሚስብ እዚያ ላይ ተጽፏል። የቤታችን ሶኬት አብዛኛውን ጊዜ የ16 አምፔር ነው፤ "200" ተብሎ የሚሸጥ ማሽን ሙሉ ሲከፈት ግን ከ30 አምፔር በላይ ሊስብ ይችላል። ሶኬቱ ይግላል፣ ስፒናው ይቀልጣል፣ ከዚያ የምትፈልገው በያጅ ሳይሆን እሳት አደጋ ነው። የኤሌክትሪክ ባለሙያ ጠርተህ ከቆጣሪው ለብቻው መስመር አስወጣ፤ ሽቦው ከ4 ካሬ ሚሊ ሜትር ያላነሰ፣ ረዘም ካለ 6 ካሬ፣ ከራሱ ብሬከር ጋር። ኤክስቴንሽን ካስፈለገህ ወፍራም ይሁን፣ አጭር ይሁን፣ ደግሞም ሙሉ በሙሉ ዘርጋው። ተጠቅልሎ ኃይል የሚያልፍበት ኬብል ራሱን ያበስላል።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚያምታታው ነገር አለ። ብረቱን የሚነክሰው ማሳ፣ ማለትም ክላምፑ፣ አንተን ከመብራት አያድንህም። እሱ የብየዳው እሳት ዞሮ የሚመለስበት መንገድ ነው። አንተን የሚያድንህ በስፒናው ሦስተኛ እግር የሚሄደው አረንጓዴና ቢጫ ሽቦ ነው፤ እሱም ግቢህ ውስጥ መሬት ከተቀበረ ዘንግ ጋር ሲገናኝ ብቻ ነው የሚሠራው። ስንት ወርክሾፕ ሶኬቱ ባለ ሦስት ሆኖ ከኋላው ሁለት ሽቦ ብቻ ያለው አይቻለሁ። አስፈትሽ።

መብራት ሲጠፋ ማሽኑን አጥፋው፣ ስፒናውንም ንቀለው። ተመልሶ ሲመጣ እየተንቀጠቀጠ ነው የሚመጣው፤ ማሽኑ ውስጥ ያለው የኢንቨርተር (የኤሌክትሮኒክስ) ካርድ ደግሞ እንዲህ ያለውን ነገር አይወድም። ማታ ማታ ኃይል ሲወርድ ቀን የለካኸው ልክ አይሠራም። ሽቦው እየገፋ የሚያስቸግርህ ከሆነ ጥፋቱ የእጅህ ላይሆን ይችላል።

አሁን ደግሞ ሻጩ የማይነግርህ ነገር። እነዚህ ማሽኖች የሚመዘኑት እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ባለ ቦታ እንዲሠሩ ተብሎ ነው። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ናት፣ ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ። ከኮምቦልቻ ተነስተህ ዶሮ መዝለያን ስትወጣ መኪናው የሚያቃስተው በዳገቱ ብቻ አይደለም፤ አየሩም ይሳሳል። የማሽንህ ማራገቢያም የሚገፋው ያንኑ ስስ አየር ስለሆነ የማቀዝቀዝ አቅሙ ይቀንሳል። ቆርቆሮዋ ላይ "60%" የሚል ካየህ፣ ከ10 ደቂቃ 6ቱን በይደህ 4ቱን ታሳርፈዋለህ ማለት ነው፣ ያውም በተጻፈው አምፔር። እኔ ደሴ ላይ እኩል በእኩል አደርገዋለሁ። 5 ደቂቃ ሥራ፣ 5 ደቂቃ ዕረፍት። በዕረፍቱ ሰዓት ማሽኑን አታጥፋው፣ ማራገቢያው እየዞረ ያብርደው።

ሌላው የማሽን ጠላት የግራይንደር ብናኝ ነው። ብናኙ ብረት ነው፣ መብራት ያስተላልፋል። በማራገቢያው ተስቦ ካርዱ ላይ ካረፈ አንድ ቀን ቧ ይልልሃል። ግራይንደር የምትሠራበትን ቦታ ከማሽኑ አርቀው።

ምን ለብሰህ?

ነጠላ ጫማ አድርጎ የሚበይድ ሰው በየሰፈሩ አለ። ጣቱ ላይ ያለውን ጠባሳ ጠይቀው።

ጫማህ ቆዳ ይሁን፣ ሱሪህ ጫማው ላይ ይውረድ እንጂ ጫማው ውስጥ አይግባ። እጥፋት ያለው ሱሪም አትልበስ፤ የቀለጠ ብረት እዚያ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። ልብስህ ካኪ ወይም ሌላ ጥጥ ይሁን። የስፖርት ቱታ አብዛኛው ፖሊስተር ወይም ናይለን ነው፤ ሲነድድ ቆዳህ ላይ ቀልጦ ይጣበቃል፣ ከነቆዳህ ነው የሚነሳው። ጓንቲው የቆዳ፣ ደረቅም ይሁን። የአንገትህን ቁልፍ ቆልፍ። ሽቦ ብየዳ ብርሃኑ ኃይለኛ ስለሆነ አንገትና ደረትን እንደ በረሃ ፀሐይ ይልጣል።

ጭንብሉ ቁጥር አለው። እኛ በብዛት ለምንሠራው፣ ከ60 እስከ 160 አምፔር ላለው፣ 10 ወይም 11 ቁጥር መስታወት ነው የሚሆነው። ራሱ የሚጠቁረው ዓይነት ከሆነ በየጠዋቱ ፈትሸው፤ ወደ ፀሐይ አዙረው ወይም ላይተር ጫርበት፣ ካልጠቆረ ባትሪው አልቋል። "አይኔን ጨፍኜ እነካካዋለሁ" የሚባለው ነገር ይቅርብህ። አጠገብህ የቆመውም ልጅ ዓይን አለው፤ ጭንብል ስጠው፣ ከሌለህ አባረው፣ ወይም ጆንያ ስቀልና ከልለው።

ብርሃኑ ዓይንህን የመታህ ቀን ወዲያው አታውቀውም። ከ6 እስከ 12 ሰዓት ቆይቶ፣ ሌሊት ላይ፣ ዓይንህ ውስጥ አሸዋ የተደፋ ይመስልሃል። ያኔ ቤተሰቡ በሙሉ ሐኪም ይሆናል። አንዱ ድንች ቆርጠህ አስቀምጥበት ይላል፣ ሌላው ወተት ጨምርበት ይላል። ንጹሕ ያልሆነ ነገር በቆሰለ ዓይን ላይ አታድርግ። ቀዝቃዛ ንጹሕ ጨርቅ፣ ጨለማ ክፍል፣ የምትችለውን ማስታገሻ፣ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሁለት ቀን ይለቃል። ካልለቀቀ ወይም እይታህ ከደበዘዘ ወደ ዓይን ሐኪም ሂድ። ለደሴ ሰው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ቅርብ ነው። የሚያደነዝዝ ጠብታ ገዝተህ ደጋግመህ አትጨምር፤ ሕመሙን ደብቆ ዓይንህን ያበላሸዋል።

ሽቦውን ማስገባት

ስፒናው ተነቅሎ ጀምር። የሽቦው ጥቅል እንደ ሞላ የታመቀ ነው፤ ጫፉን ከቀዳዳው አውጥተህ ከለቀቅከው ጠቅላላው ይፈታና ዶሮ የጫረው ክር ይሆናል። አንድ እጅህ ጫፉን እንደያዘ ጥቅሉን ዘንጉ ላይ አስቀምጠው። የታጠፈውን ጫፍ በፒንሳ ቁረጥና በሞረድ ለስለስ አድርገው፤ የሾለ ጫፍ ላይነሩን (ሽቦው በኬብሉ ውስጥ የሚያልፍበትን ቱቦ) እየቧጠጠ ነው የሚሄደው።

ሽቦውን የሚገፋው ሮለር ላይ ያለው ቦይ ከሽቦው ውፍረት ጋር አንድ ይሁን። 0.8 ሽቦ ከሆነ ቦዩም 0.8፣ ቲፑም (ሽቦው የሚወጣበት የመዳብ ጫፍ) 0.8። ለድፍን ሽቦ ቦዩ ለስላሳ ነው፤ ለዱቄታሙ ጥርስ ያለው ሮለር ያስፈልጋል፣ ሽቦው ስስ ስለሆነ በለስላሳው ጠበቅ ስታደርገው ይጨፈለቃል።

ሽቦውን በሮለሩ ላይ አሳልፈህ ላይነሩ ውስጥ በእጅህ አንድ ስንዝር ያህል አስገባ፣ ከዚያ ማጥበቂያውን ዝጋ። አሁን የቶርቹን (ቃታ ያለበትን እጀታ) ኖዝል፣ ማለትም ቲፑን የሚሸፍነውን አፍ፣ እና ቲፑን ፍታ፤ ሽቦው ቲፑ ጋ ደርሶ እንዳይሰነቀር ነው። የቶርቹን ኬብል ቀጥ አድርገህ መሬት ላይ ዘርጋ፣ ስፒናውን ሰካ፣ ቃታውን ሳብ። እዚህ ላይ ቀልድ የለም፤ ቶርቹን ወደ ፊትህም ወደ እጅህም አታዙር። እየወጣ ያለ ሽቦ መርፌ ነው። "መጣ አልመጣ" እያለ ቀዳዳውን ያየ ልጅ አውቃለሁ። ሽቦው ጉንጩን ነው የወጋው። ትንሽ ከፍ ቢል ኖሮ ሌላ ታሪክ ነበር።

ሽቦው ሲወጣ ቲፑንና ኖዝሉን መልስ። ጥብቀቱን እንዲህ ለካ፤ ሽቦውን ደረቅ ጣውላ ላይ አነጣጥረህ አስወጣው። ጣውላውን ሲነካ ሮለሩ ከተንሸራተተ ላልቷል፤ ተጠምዝዞ መውጣቱን ከቀጠለ ልክ ነው። ከዚያ በላይ አታጥብቅ። ብዙ ሰው ሽቦ ሲደናቀፍ ማጥበቂያውን ይጨምራል፣ ችግሩ ግን የቆሸሸ ላይነር ወይም ያለቀ ቲፕ ነው የሚሆነው። የጥቅሉም ፍሬን እንደዚሁ ነው፤ ቃታውን ስትለቅ ጥቅሉ ብዙ ሳይንሸራተት ይቁም፣ ግን እየታገለ አይዙር።

ፖዘቲቭ ወይስ ኔጋቲቭ?

ሁለት ቀን ሙሉ ያቃጠለኝ ይህ ነው። ማሽኑን ስገዛ ሻጩ "ሰክተህ መሥራት ነው" አለኝ። ሰካሁ። ይተፋል፣ ይንጣጣል፣ ብረቱ ላይ እየተከመረ ይቀራል። ሽቦውን ተሳደብኩ፣ መብራቱን ተሳደብኩ። በሦስተኛው ቀን ክዳኑን ስከፍት ውስጥ ትንሽ ሥዕል አየሁ። ማሽኑ ከፋብሪካ የመጣው ለዱቄታሙ ሽቦ ተስተካክሎ ነው፤ እኔ ደግሞ ድፍን ሽቦ ከነጋዙ አስገብቻለሁ።

ሕጉ አጭር ነው። ድፍን ሽቦ በጋዝ፦ ቶርቹ ፖዘቲቭ፣ ማሳው ኔጋቲቭ። ያለ ጋዝ የሚሠራ ዱቄታም ሽቦ፦ ቶርቹ ኔጋቲቭ፣ ማሳው ፖዘቲቭ። ሽቦ በቀየርክ ቁጥር ይህን ቀይር፣ ማሽኑ ጠፍቶ ነው ታዲያ። መገጣጠሚያውን ገፍተህ ጠምዝዘው፤ የላላ ከሆነ ይግላል፣ ይቀልጣል።

ቦምቦላው

ቦምቦላ ቆሞ፣ በሰንሰለት ታስሮ ነው የሚኖረው። ገመድ ካለህ በገመድ፣ ግን ይታሰር። ወድቆ ቫልቩ ከተሰበረ ውስጡ ያለው ግፊት ቦምቦላውን ግድግዳ በሚያፈርስ ኃይል ያስወነጭፈዋል። በባጃጅ ጭነህ በምታመጣበት ቀንም ቆቡ ተጠምዝዞበት፣ ሬጉሌተሩ (የጋዙን ግፊት የሚቀንሰው መሣሪያ) ተፈቶ ይሁን።

ሬጉሌተሩን ከማሰርህ በፊት ቫልቩን ለአፍታ ከፈት አድርገህ አቧራውን አስተፋው፣ ወደ ጎን ቆመህ። ካሰርክ በኋላ በሳሙና ውሃ ቀባው፤ አረፋ ካወጣ ያፈስሳል። ጋዙ በደቂቃ ከ10 እስከ 15 ሊትር ይበቃዋል። "ነፋስ አለ፣ ልጨምር" ብለህ 25 ብታደርገው ጋዙ ራሱ እየተሽከረከረ አየር ይጎትትብሃል። ነፋሱን በጆንያ ወይም በቆርቆሮ ከልል እንጂ ጋዝ አታባክን። ኦክስጅን ደግሞ በምንም ሰበብ እዚህ መስመር ላይ አይገባም።

ንጹሕ ሲኦቱ (ካርቦን ዳይኦክሳይድ) ወይስ የአርጎን ድብልቅ? ሲኦቱ ጠልቆ ያቀልጣል፣ ግን ይተፋል። ድብልቁ ለስላሳ ነው። ለበርና ለመስኮት ሲኦቱ ይበቃል ባይ ነኝ። አንድ ነገር ግን እወቅ፤ ሲኦቱ ቦምቦላው ውስጥ ፈሳሽ ሆኖ ነው ያለው። ስለዚህ ጌጁ ፈሳሹ እስኪያልቅ ድረስ አይወርድም፤ በ20 ዲግሪ ሙቀት 57 ባር አካባቢ ያሳይና ጠዋት ሲበርድ ዝቅ ይላል፣ ያ ግን አለቀ ማለት አይደለም። ምን ያህል እንደቀረህ ማወቅ ከፈለግክ መዝነው፤ የባዶው ክብደት አንገቱ ላይ ተቀርጿል። ደግሞ ብዙ በለቀቅከው ቁጥር ሬጉሌተሩ በረዶ ይይዛል። የደሴ ኅዳርና ታኅሣሥ ጠዋት ይህ ይብሳል። በረዶ ከያዘ አቁምና እስኪለቅ ጠብቅ፣ ወይም ማሞቂያ ያለው ሬጉሌተር ግዛ። በችቦ የሚያሞቁ ሰዎች አይቻለሁ። አታድርገው።

ሲኦቱም አርጎንም ከአየር ይከብዳሉ። በተዘጋ ትንሽ ክፍል፣ በጉድጓድ፣ በታንከር ውስጥ ታች ይተኛሉ፣ ሽታ የላቸውም፣ የምትተነፍሰውን አየር ሳታውቀው ይወስዱብሃል። በሩ ክፍት ይሁን።

ብረቱን ማዘጋጀት

ሽቦ ማሽን ከኤሌክትሮድ ይልቅ ቀበጥ ነው። ዝገት፣ ቀለም፣ አዲስ ቱቦላሬ ላይ ያለው ጥቁር ቅባት፣ ሁሉም ይነሳ። የምትበይድበትን ቦታና ግራና ቀኙን አንድ ጣት ያህል በግራይንደር አጽዳ፣ ማሳው የሚነክስበትንም ቦታ ጭምር። ማሳው ቀለም ላይ ተቀምጦ "ማሽኑ አይሠራም" የሚል ሰው በሳምንት አንድ ይመጣልኛል።

በፍሬን ማጽጃ ፈሳሽ አታጽዳ። ክሎሪን ያለባቸው አሉ፣ የብየዳው ብርሃንና ሙቀት መርዛማ ጋዝ ያደርጋቸዋል።

ነጭ የተለበጠ ብረት፣ ያው የጣሪያ ቆርቆሮና የውሃ ቧንቧ ዓይነቱ፣ ላዩ ዚንክ ነው። ሲነድድ ነጭ ጭስ ያወጣል። እሱን በትንፋሹ የሳበ ሰው ማታ ይንዘፈዘፋል፣ ያተኩሰዋል፣ ይቆረጥመዋል። ኮምቦልቻ ላይ ወባ መስሎት የተመረመረ ጓደኛ አለኝ። ዚንኩን ፍቀህ አንሳ፣ ደጅ ውጣ፣ ነፋሱ ከጎንህ ይምጣ፣ ራስህን ከጭሱ ላይ አትድፋ። "ወተት ጠጣበት" የሚለውን ሁላችንም ሰምተናል። ወተት ጥሩ ነው፣ ግን የሚሄደው ወደ ሆድ ነው፤ ጭሱ የገባው ሳንባ ውስጥ ነው።

በርሜል አትበይድ። ነዳጅ፣ ዘይት፣ ቀለም፣ ምን እንደነበረበት የማታውቀው ነገር የያዘ በርሜልና የነዳጅ ታንከር፣ "ባዶ ነው፣ ታጥቧል" ቢሉህም። ባዶው ነው የሚፈነዳው፤ ትነቱ ውስጥ ቀርቷል። ገንዘቡ ይቅር። ባጃጅ ወይም መኪና ከመጣልህ ባትሪውን ፍታ፣ ነዳጁ የት እንዳለ እይ፣ ማሳውን ከምትበይድበት አጠገብ ንከስ። ራቅ አድርገህ ከነከስክ እሳቱ በኩሽኔታ በኩል ያልፍና ሌላ ወጪ ታመጣለህ።

በክረምት ደግሞ ርጥበት አለ። ጓንቲህ ከራሰ ቀይር። ውሃ ላይ ቆመህ አትሥራ፣ ደረቅ ጣውላ ከእግርህ በታች አድርግ። ኬብሉን ትከሻህ ላይ አትጠምጥም።

አሁን ሳበው

ልክ ለማግኘት መነሻ የምትሆን ስሌት አለች፤ ለእያንዳንዱ ሚሊሜትር ውፍረት 40 አምፔር ገደማ። 1.5 ሚሊ አርኤችኤስ ከሆነ 60፣ 2 ሚሊ ከሆነ 80፣ 3 ሚሊ ከሆነ 120። ሽቦ ማሽን ላይ አምፔር የሚጨምረው የሽቦው ፍጥነት ነው። ቮልቱ ደግሞ ብየዳው ተዘርግቶ እንዲተኛ ያደርገዋል። ለቀጭኑ 16 ወይም 17 ቮልት፣ ለ3 ሚሊ 18 ወይም 19 ብለህ ጀምርና በቁራጭ ብረት ላይ ሞክር።

ከዚያ ስማ። ልኩ ሲገጥም ድምፁ የጋለ ዘይት ውስጥ እንደገባ ድንች ነው፣ ሳያቋርጥ ችስስስ ይላል። ሽቦው ብረቱን እየገፋ ቶርቹን የሚመልስብህ ከሆነ ወይ ሽቦው ፈጥኗል ወይ ቮልቱ አንሷል። ፏ ፏ እያለ ትልልቅ ጠብታ እየጣለ ቲፑ ላይ የሚጣበቅ ከሆነ ሽቦው ዘግይቷል ወይ ቮልቱ በዝቷል። አንዱን ብቻ፣ ትንሽ ትንሽ ቀይር። ሁለቱን አንድ ላይ ያዞረ ሰው የት እንደነበር አያውቅም።

ቶርቹን በሁለት እጅህ ያዝ፣ ክንድህን የሆነ ነገር ላይ አስደግፍ። ከቲፑ እስከ ብረቱ ያለው ሽቦ 10 ሚሊ ያህል ይሁን፣ ለዱቄታሙ እስከ 15 ወይም 20። ቶርቹን ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ብቻ አዘንብለው። በጋዝ ስትሠራ ብየዳውን ከፊትህ እየገፋህ መሄድ ትችላለህ፤ በዱቄታሙ ግን እየጎተትክ ነው፣ አለዚያ ቅርፊቱ ከሥር ይቀበርብሃል። ብርሃኑን አትይ። የቀለጠውን ብረት የፊት ጠርዝ እይ። ሽቦው እዚያ ጠርዝ ላይ ይረፍ፤ ወደ ኋላ፣ ቀድሞ በቀለጠው ላይ ካረፈ፣ ያ ነው እላዩ ላይ የሚለጠፈው።

መጀመሪያ በነጥብ በነጥብ ያዘው፣ ማዕዘኑን ለካ፣ ከዚያ ተቃራኒ ጎኖችን እያፈራረቅክ ሙላ። አንዱን ጎን ጀምረህ ከጨረስክ በሩ ይጣመምብሃል።

የማጠፊያዬ ምሥጢርም እዚህ ነበር። ቀኑን ሙሉ 1.5 ሚሊ ስበይድ ውዬ፣ ልኩን ሳልነካ፣ 5 ሚሊ ቋሚ ላይ ያንኑ ልክ ከላይ ወደ ታች አንሸራተትኩት። ከላይ ወደ ታች መውረድ ለቀጭን ብረት ነው፣ እንዳይበሳ። በወፍራም ላይ የቀለጠው ብረት ከእሳቱ ቀድሞ ይፈስስና ሥሩን ሳይነካ ይሸፍነዋል። ወፍራም ከሆነ ከታች ወደ ላይ ውጣ። ማሽንህ ኃይል ካነሰው ጠርዙን በግራይንደር አስልተህ በሁለት በሦስት ዙር ሙላው። ካልሆነም ኤሌክትሮድህን አውጣ፣ ነውር የለውም።

አሁን ሁልጊዜ አዲስ ልክ ስጀምር የማደርገው ይህን ነው። ከዚያው ብረት ሁለት ቁራጭ እቆርጣለሁ፣ አንዱን በአንዱ ላይ አቁሜ በአንድ ጎን ብቻ እበይዳለሁ፣ ሞርሳ ላይ አስሬ ባልተበየደው በኩል እንዲከፈት በመዶሻ እደበድበዋለሁ። ብረቱ ተጣምሞ ብየዳው ከያዘ፣ ወይም ብረቱን ራሱን ቀድዶ ከወጣ፣ ጥሩ። ልሙጥ ሆኖ፣ የብረቱን መልክ ሳይነካ ከተላቀቀ፣ ቮልትና ሽቦ ጨምርና እንደገና። ሁለት ደቂቃ ይፈጃል። ሥራ የሚያስረክብ ልጅ ሁሉ ይህን ቁራጭ ለባለቤቱ ቢያሳይ ደስ ይለኛል።

ስትጨርስ

ፍንጥርጣሪ 10 ሜትር ይሄዳል። ስፖንጅ፣ ጭድ፣ ካርቶን፣ የጄኔሬተር ቤንዚን አስቀድመህ አርቅ፤ አንድ ባልዲ አሸዋና አንድ ባልዲ ውሃ አጠገብህ ይኑር፣ ውሃው ከመብራቱ ራቅ ብሎ። ከጨረስክ በኋላ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ቦታውን አትልቀቅ። እሳት የሚነሳው ቆልፈህ ቡና ልትጠጣ ስትወጣ ነው።

የቦምቦላውን ቫልቭ ዝጋ። ቃታውን ትንሽ ስበህ ጎማው ውስጥ የቀረውን ጋዝ አስወጣ፣ ሽቦው ዝም ብሎ እንዳይወጣ የሮለሩን ማጥበቂያ ፈታ አድርገህ። ጌጁ ዜሮ ሲደርስ ሬጉሌተሩን አላላ፣ ማጥበቂያውንም መልስ። ማራገቢያው እስኪያበርደው ጠብቀህ ማሽኑን አጥፋ፣ ስፒናውን ንቀል። ኖዝሉ ውስጥ የተለጠፈውን ፍንጥርጣሪ አንኳኩተህ አጽዳ። ሥራ ለጥቂት ቀን የምታቆም ከሆነ፣ በተለይ በሐምሌና በነሐሴ ጭጋግ፣ የሽቦውን ጥቅል አውጥተህ በላስቲክ ጠቅልለው፤ የዛገ ሽቦ ላይነሩን ይዘጋዋል። የጋለውን ብረት ደግሞ በቾክ "ትኩስ ነው" ብለህ ጻፍበት። ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ መጀመሪያ የሚነኩት እሱን ነው።